የአባባ ሳይክል ቴላዮ

እሑድ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ነው የሆነው። ሐረጎን ጨርሻለሁ፣ ከባዱ ቁልቁለት አልፏል። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አንድ ባጃጅ ፍሬቻ ሳያሳይ ከፊቴ ታጠፈ። ፍሬን ያዝኩ፣ አልበቃም፣ ጎኑ ላይ ገባሁበት። ክርኔና ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ደህና ነኝ። ሳይክሉ ግን የአባባ ነው።

አባባ ይህን ኮርስ ሳይክል በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከአንድ ተወዳዳሪ ነው የገዙት። ጣሊያን ሠራሽ ነው። ከመቀመጫው በታች ባለው ቱቦ ላይ እርግብ ያለባት የኮሎምበስ (የጣሊያኑ ቱቦ አምራች) ምልክት ግማሿ ተልጦ አሁንም አለች። ስለ ሳይክል ወሬ ሲነሳ አባባ ሁልጊዜ ከሜልበርን ነው የሚጀምሩት። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሩ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ነግረዋል። እኔም መንዳት የተማርኩት በዚሁ ሳይክል፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ በቅጡ ሳይደርስ ነው።

በመጀመሪያ እይታ የተጎዳው ፎርኬላው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ብቻ ነበር። ወደ ኋላ ታጥፏል። መሪውን ሳዞር የጫማዬ ጫፍ ጎማውን ይነካል፣ ድሮ አይነካም ነበር። ፎርኬላ ቀይሬ አበቃ ብዬ አስቤ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው፣ እኔም ላቆም ነበር።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ባትሪ አበራሁና ቴላዮውን (ጎማና መሪ የሚገጠሙበትን የቱቦ አካል) ገልብጬ በጣቴ ዳሰስኩት። ከመሪው ወደ ፔዳሉ በሚወርደው በታችኛው ቱቦ ሆድ ላይ፣ ከመሪው አንገት አራት ጣት ያህል ወረድ ብሎ፣ ቆዳ ሲሸበሸብ እንደሚሆነው ትንሽ እብጠት አገኘሁ። ቀለሙም እዚያው ላይ ተሰነጣጥቋል። ቦታው በአጋጣሚ አይደለም። እነዚህ ቱቦዎች ውፍረታቸው ወጥ አይደለም። ኮሎምበስ ኤስኤል የሚባለው ጫፍና ጫፉ 0.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን መሃሉ 0.6 ብቻ ነው። ሳይክሉ ከፊት ሲመታ ጉልበቱ ሁሉ ወፍራሙ አልቆ ስሱ የሚጀምርበት ላይ ያርፋል።

ቀለም መሰንጠቁ ብረቱ ተሰንጥቋል ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን በምላጭ ፋቅኩት። ከዚያ ነጭ ጋዝ ቀባሁበት፣ ትንሽ ቆይቼ በደረቅ ጨርቅ ጠራረግኩትና የጠመኔ ዱቄት ነሰነስኩበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ተመልሶ እየወጣ ጠመኔውን ያረጥበዋል። ወጣ። የጥፍር ርዝመት ያላት ቀጭን መስመር ታየች። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በዚህ ቴላዮ ፎርኬላ ብቻ ቀይሬ ሐረጎን ብወርድ፣ ያ ቱቦ ቁልቁለቱ መሃል ቢለቅስ? ደሴና ኮምቦልቻ መካከል እኮ 600 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ።

በማግስቱ አንድ በያጅ ጋ ወሰድኩት። በርና መስኮት ሲሠራ እጁ ወርቅ ነው። «አብሽር፣ ማታ ና ውሰደው» አለኝ። በኤሌክትሪክ ሊበይደው ነው። አመስግኜ ሳይክሌን ይዤ ወጣሁ። ቅር አለው፣ ግን አላደርገውም። 0.6 ሚሊ ሜትር ብረት በበር ብየዳ ቶሎ ይበሳል። ባይበሳ እንኳ ዙሪያው በሙቀት ይጎዳና ሌላ ቀን ከጎኑ ይሰነጠቃል። የእነዚህ ሳይክሎች ቱቦ ሲሠራም እንዲያ አልተያያዘም። ጫፉ የብረት እጅጌ ውስጥ ገብቶ፣ በጋዝ እሳት ተግሎ፣ ነሐስ ወይም ብር ያለበት ማያያዣ ቀልጦ ነው መሃሉን የሚሞላው። ቱቦው ራሱ አይቀልጥም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥገና ስንጥቁ ላይ መለጠፍ አይደለም። እጅጌዎቹን አግሎ የተጎዳውን ቱቦ ማውጣትና ሌላ ማስገባት ነው። (የእናንተ ቴላዮ አሉሚኒየም ከሆነና ከታጠፈ ለማቃናት አትታገሉ፣ እሱ እንደዚህ ያለ ብረት አይደለም።)

ከዚያ በፊት የቀረው ቀጥ ማለቱን ማወቅ ነበረብኝ። ሲባጎ ከኋላ ጎማው ማሰሪያ በአንዱ በኩል አሰርኩ፣ በመሪው አንገት ዙሪያ አሳለፍኩና ወጥሬ በሌላው በኩል አሰርኩት። ከዚያ ሲባጎው ከመቀመጫው ቱቦ በግራና በቀኝ ምን ያህል እንደሚርቅ ለካሁ። 41 እና 42 ሚሊ ሜትር። አንድ ሚሊ ምንም ማለት አይደለም። የላይኛውንም ቱቦ በነጭ ጋዝና በጠመኔ ፈተሽኩት፣ ንጹሕ ነው። ከታችኛው ቱቦና ከፎርኬላው በቀር ሳይክሉ በሕይወት አለ።

ለአባባ መንገር ነበር የከበደኝ። ሁለት ቀን ሸሸሁ። ረቡዕ ከቡና በኋላ «አባባ፣ ሳይክልዎን ሰበርኩት» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። «አብሽር፣ ብረት ነው፣ ይጠገናል። ይልቅ ክርንህን አሳየኝ» አሉኝ። ከዚያ ቴላዮውን ጭናቸው ላይ አድርገው ስንጥቋን በጣታቸው እየነኩ ረጅም ጊዜ ተቀመጡ።

አሁን ቱቦውን ከውጭ የሚልክልኝ ዘመድ አግኝቻለሁ። የውጭ ስፋቱ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የድሮ ብረት ሳይክል ካላችሁ ለክታችሁ ያዙት። የቀረኝ በጋዝና በነሐስ የሚበይድ ረጋ ያለ እጅ ነው። ራዲያተር የሚጠግኑ ሰዎች መካከል ይኖራል ብዬ እየጠየቅኩ ነው። ለሚሞክርልኝ መጀመሪያ ሁለት ቁራጭ ቱቦ እሰጠዋለሁ፣ አያይዞ ሲጨርስ በመዶሻ እመታዋለሁ፣ መጋጠሚያው ከያዘ የአባባን አስረክበዋለሁ። ደሴም ሐይቅም ኮምቦልቻም የምታውቁት ሰው ካለ ጠቁሙኝ። ቴላዮው እስከዚያው ውስጡ ዘይት ፈሶበት ሳሎን ተሰቅሏል፣ አባባ በየጠዋቱ አቧራውን ይጠርጉለታል።