የታሊስ ሦስተኛ ዜማ፦ ከአራታችን የልምምድ ማስታወሻ

አራታችን ከምንዘምራቸው የታሊስ ዘጠኝ ዜማዎች ስምንተኛውን በሁለት ሳምንት ጨረስነው። ሶፕራኖ (ከፍተኛው ድምፅ) እና ቴነር (ከፍተኛው የወንድ ድምፅ) አንዱን ዜማ በአራት ኖታ ልዩነት እየተከታተሉ ስለሚዘምሩት፣ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይመልሰዋል። ሦስተኛው ግን ከወር በላይ ያዘን።

እነዚህ ዜማዎች እንግሊዛዊው የዜማ ደራሲ ቶማስ ታሊስ ለካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ለማቲው ፓርከር የእንግሊዝኛ መዝሙረ ዳዊት የደረሳቸው ዘጠኝ ባለ አራት ድምፅ ዝማሬዎች ናቸው፤ መጽሐፉ የታተመው በ1567 እ.ኤ.አ. ነው። ስምንቱ በስምንቱ ጥንታዊ የዜማ ስልቶች የተሠሩ ሲሆኑ ፓርከር የየስልቱን ጠባይ በግጥም ገልጿል። አንደኛው ትሑት ነው፣ ስድስተኛው ያለቅሳል፣ ሦስተኛው ይቆጣል፣ ይጮኻል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ እየሰማ ላደገ ሰው ስልት ጠባይ አለው መባሉ እንግዳ አይሆንበትም።

ችግራችን ሦስተኛውን አስቀድመን ከእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ከቮን ዊሊያምስ ማወቃችን ነበር። እርሱ በዚህ ዜማ ላይ የደረሰው የክር መሣሪያዎች ሥራ በ1910 እ.ኤ.አ. በግሎስተር ካቴድራል የተሰማ ሲሆን፣ ሰፊና የረጋ ነው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። እኛም ዜማውን እንደዚያው አለስልሰን፣ እያንዳንዱን ኖታ እያስረዘምን ዘመርነው። ድምፃችን ያምር ነበር፤ ቃሉ ግን አልነበረበትም። የተጻፈው ለመዝሙር 2 ነው፦ «አሕዛብ ለምን ያጕረመርማሉ?» የፓርከር የእንግሊዝኛ ግጥም የመጀመሪያ ግስ ትርጉሙ መጨስም መቆጣትም ነው፤ በንዴት ጨሰ እንደምንለው።

መፍትሔውን ያገኘነው ከዚያው መጽሐፍ ነው። ፓርከር ቴነሩ ሕዝቡ ብቻውን ሲዘምር የሚይዘው ድምፅ እንደሆነ፣ ሌሎቹ ድምፆች ደግሞ ለትልልቅ መዘምራን እንደተጨመሩ ጽፏል። ስለዚህ ሌሎቹን ድምፆች፣ አልቶውንም (ከሶፕራኖ በታች ያለውን) ባሱንም (ዝቅተኛውን) ጭምር ትተን አራታችንም በአንድነት ቴነሩን ያዝን። መጀመሪያ ያለ ዜማ ቃሉን ብቻ፣ እንደ ክስ፣ ጮክ ብለን አነበብነው። ቀጥሎ በቅጂያችን ላይ ያሉትን የምት መለያ መስመሮች በእርሳስ ሰረዝናቸው፤ በታሊስ ዘመን የመዘምራን ኖታ ውስጥ እነዚህ መስመሮች አልነበሩም። ምቱ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሦስት የሚሄድበት ምክንያት ወዲያው ገባን፦ ቃሉ ጠንከር ብሎ በሚነገርበት ቦታ ላይ ይወድቃል። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ እየቆጠርን ነበር የምንዘምረው።

አራቱ ድምፆች እንደገና ሲገናኙ ዜማው ሌላ ሆነ። የመነሻው ኮርድ (አብረው የሚሰሙት ኖታዎች) ብሩህ ነው፤ ጥቂት ሄዶ የኮርዱ ሦስተኛ ኖታ በግማሽ ድምፅ ሲወርድ ፊቱ ይጠቁራል። ቀድሞ ይህን ስናለሰልሰው ሳናስተውለው ያልፈን ነበር። አሁን ባሳችን እዚያ ቦታ ሲደርስ ራሱን ቀና ያደርጋል።

የቀረን የመጨረሻው ስንኝ ነው፤ ትንፋሻችን አሁንም አልበቃውም። ሐሙስ ከእርሱ እንጀምራለን።