ሁለት ለሦስት
ዛሬ አምስት ጉቶ እነቅላለሁ ብዬ ወጥቼ ሁለት ነቅዬ ገባሁ። ትራክተሯ ከኋላ መቆፈሪያ ክንድ አላት፤ ግን ትንሽ ናት። መጀመሪያ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን የመቆፈሪያ ባልዲ ጉቶው ሥር ሰክቼ በአንዴ ልገነጥለው ስል እሱ ንቅንቅ አላለም። ትራክተሯ ራሷ ወደ ጉቶው ተጎተተች! ልቤ ቀጥ አለች።

ከዚያ በኋላ አደብ ገዛሁ። ዙሪያውን ቆፈርኩና በጎን የሄዱትን ሥሮች በባልዲው ጥርስ አንድ በአንድ በጠስኳቸው። ወፍራም ሥር ሲበጠስ "ቋ!" ይላል፤ ንዝረቱ ወንበሩ ድረስ ይመጣል። (ደስ ሲል!) ወደ ታች የወረደው ሥር ግን ሌላ ጣጣ ነው። ትራክተሯን አዙሬ ከሌላ ጎን ገባሁበት።

ሁለተኛው ጉቶ በስብሶ ስለነበር ወዲያው ወጣ። እሱንም ቆጥሬዋለሁ።

ሦስቱ ለነገ። ወገቤ ከፈቀደ።