ምስር የሚለቀምበት መብራት

እናቴ ምስር ስትለቅም ትሪውን ይዛ ወደ በረንዳ መውጣት ከጀመረች ቆይታለች። ከመሸም ለነገ ታሳድረዋለች። አንድ እሁድ ምሳ ላይ ወንድሜ ጠጠር ነክሶ ጥርሱ ሲሸረፍ ነው ጥፋቱ የወጥ ቤታችን መብራትም መሆኑ የገባኝ። ዕድሜ ሲገፋ የዐይን ብሌን ይጠባል፣ ሌንሱም ይደበዝዛል፤ ለእኔ የሚበቃኝ ብርሃን ለእሷ ጨለማ ነው።

ቤታችን ከዚራ ነው፤ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከገባ በኋላ ከተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ካለ ቤቶች አንዱ። ለሙቀቱ ግሩም ነው። ለመብራት ግን ከባድ ነው፦ ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ 4 ሜትር ይሆናል፣ መሐል ላይ አንድ አምፖል፣ ከአምፖሉ ዝቅ ብሎ ቬንትሌተር። ቬንትሌተሩ ሲዞር ክንፎቹ ብርሃኑን እየቆራረጡት ግድግዳው ላይ ጥላ ይሯሯጣል። እንዳይዞር ቢባል ደግሞ የድሬን ግንቦት ማን ይችለዋል?

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ታይዋን የሚባለው የከተማችን ገበያ ወርጄ ዋቱ ከፍ ያለ፣ 6500 ኬልቪን የሚል ነጭ አምፖል ገዝቼ ቀየርኩ፤ ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ኮርኒሱና ግድግዳው ቦግ አለ፤ መክተፊያው ግን እንደ ድሮው ጨለማ ነው። መብራቱ ከጀርባዬ ስለሆነ ሽንኩርት ለመክተፍ ስቆም የገዛ ጥላዬ ቢላዋው ላይ ይወድቃል። ቁሌቱም ቀለሙ ጠፋ። እናቴ ድስቱን ከፍታ አየችና «ልጄ፣ ወጡ የታመመ መሰለ እኮ» አለች።

ሁለተኛ ጊዜ ምንም ከመግዛቴ በፊት አንድ ማታ መብራት ሁሉ አጥፍተን ወንድሜን መሰላል ላይ አወጣሁት። የስልኩን ባትሪ አብርቶ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ፣ ሲርቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ እኔ ቢላዋ ይዤ ጥላው የት እንደሚወድቅ አያለሁ። «አቦ እጄ ዛለ!» እስኪለኝ ድረስ አላወረድኩትም። ያገኘነው ቦታ ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ልክ ከመክተፊያው በላይ ነው። እዚያ ሲሆን ብርሃኑ ከፊቴ ይመጣል፣ ጥላዬም ወደ ኋላዬ ይሄዳል። ከፍታውን ከወለሉ 2.2 ሜትር አደረግነው። መክተፊያው 90 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በመካከላቸው 1.3 ሜትር ይቀራል፤ ከኮርኒሱ ሲሆን 3.1 ሜትር ነበር። ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚሳሳ፣ ያው አምፖል በዚህ ብቻ መክተፊያው ላይ ከአምስት እጥፍ በላይ ደመቀ ማለት ነው። ያለ ተጨማሪ ዋት!

ኤሌክትሪሺያኑ የሰፈራችን ልጅ ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ አምፖል ሳይሆን ስለ ምጣዱ ነበር። «እንጀራ ስትጋግሩ መብራቱ ይደክማል?» አለኝ። ይደክማል! የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ የእኛ ደግሞ ከመብራቱ ጋር አንድ መስመር ላይ ነበር። ለምጣዱ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር፣ ለመብራቱ ለብቻው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ አስገባልን። ይህን ግድግዳው ቀለም ከተቀባ በኋላ ማሰቤ ይቆጨኛል፤ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

አምፖል ልገዛ ስመለስ ትንሽ በርበሬ በፌስታል ቋጥሬ ሄድኩ። ባለሱቁ ግራ ቢገባውም እየቀያየረ አበራልኝ። አንደኛው ሥር በርበሬው እንደ አፈር ዳለቻ ሆነ፣ ሌላኛው ሥር ቀይነቱ ወጣ። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ የሚለውን ቁጥር ማየት የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ ወደ 100 በተጠጋ ቁጥር ቀለም እንደ ፀሐይ ብርሃኑ ይታያል፣ የመረጥኩት 90 ይላል። ስልኬንም ካሜራው ላይ አድርጌ ወደ አምፖሉ አዞርኩ፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች የሚሮጡበትን ተውኩት፣ የሚርገበገብ መብራት ዐይን ያደክማል። በመጨረሻ 4000 ኬልቪን የሆኑ ሦስት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ያዝኩ፤ እያንዳንዳቸው 800 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣሉ።

መጀመሪያ በገመድ አንጠለጠልናቸው። ቬንትሌተሩ ሲነሳ ሦስቱም ይወዛወዙ ጀመር፣ ጥላም አብሮ! በሳምንቱ አውርደን በቀጭን የብረት ቱቦ ሰቀልናቸው። ምጣዱ ጋ ደግሞ እንፋሎት ስላለ ሽፋኑ የተዘጋ መብራት ግድግዳው ላይ፣ ከጎን አደረግን። ከጎን መሆኑ ያልጠበቅኩትን ነገር አመጣ፦ ብርሃኑ አግድም ሲመታው የእንጀራው ዐይን አንድ በአንድ ሲከፈት ይታያል፣ መቼ እንደሚከደንም በግምት አይደለም።

ማብሪያዎቹን ለየብቻ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጥን። መብራት ሲጠፋ የሚሆን ቻርጅ የሚደረግ አምፖልም አንድ አለ።

አሁን እናቴ ከራት በኋላ በርጩማዋን ወደ መክተፊያው ታስጠጋና ትሪውን ትዘረጋለች። ትናንት ማታ አንዷን ጠጠር በጣቷ ጫፍ አንስታ ወደ ወንድሜ ዘረጋችለት፤ ከምስሩ ጋር በመልክም በመጠንም አንድ ነች።