ስልክህን አሳርፈው

«ስልክህን አሳርፈው ልጄ፣ ደክሞታል።»

አማቴ ይቺን ከተናገሩ ቆይተዋል። እኔ ግን ልተኛ ስል ትመጣብኛለች። ጥርሴን ስቦርሽ ትመጣለች። ስብሰባ መሃል ትመጣለች። ለነገር ብለውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው አዝነው ነው። ያውም ለስልኩ።

ጉዳዩ የውሃ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው ደግሞ ሌሊት ይወዳል። መጀመሪያ ታች ያለው ታንከር ይሞላል፣ ከዚያ በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋል። ፓምፑ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ነው። በሐምሌ ዝናብ ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ ማብራት ሰለቸኝና ስማርት ሶኬት ገዛሁ። ከብርድ ልብስ ሳልወጣ በስልክ ላበራው።

ሶኬቱ ዚግቢ ነው፣ የቤት ዕቃዎች ያለ ገመድ በሬዲዮ የሚነጋገሩበት ዘዴ። ዚግቢ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ዋይፋይም ማይክሮዌቭም እዚያው ይጋፋሉ። ሳሎን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከሰካኋት ዶንግል፣ ማለትም ከትንሿ የዚግቢ አስተላላፊ፣ የሚነሳው ሲግናል የብሎኬት ግድግዳ፣ ፍሪጅና የሰርቪሱን ቆርቆሮ አልፎ ፓምፑ ጋ መድረስ አለበት። አልደረሰም።

ዶንግሏን ከዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳው ነቅዬ በማራዘሚያ ገመድ ራቅ አደረግኳት። ያ ቀዳዳ ራሱ በ2.4 ላይ ይረብሻል። ትንሽ ተሻለ። ዚግቢ ደግሞ አንድ ደግ ጠባይ አለው፦ ኤሌክትሪክ የማይቋረጥበት ዕቃ የሌላውን መልእክት ተቀብሎ ያቀብላል። በባትሪ የሚሠሩት አያቀብሉም፣ ይተኛሉ። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ አንድ የዚግቢ አምፖል ሰቀልኩ። ፓምፑ ታዘዘ!

ግን የሲግናሉን ጥራት የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሙሉው 255 ነው። የእኔ ግማሹንም አይሞላም ነበር። ቁጥር አንዴ ካዩት አያስተኛም። ብረት ሲግናል ያንጸባርቃል የሚል አነበብኩና ዓይኔ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ክዳን ላይ አረፈ።

አሉሚኒየም። ሰፊ። የሚያብረቀርቅ። ቡፌው ላይ፣ ከዶንግሏ ጀርባ፣ ከሰርጋችን ፎቶ ጎን አቆምኩት። በስልኬ ኮምፓስ አቅጣጫውን ለካሁ፣ ወደ ሰርቪሱ አዘነበልኩት፣ ማንም እንዳይነካው አዋጅ አወጣሁ። ባለቤቴ ግማሽ ቬሎዋ ተሸፈነ። የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ ናይልሳት ይይዛል?» አለኝ። አንድ እንግዳ ጌጥ መስሎት ከየት እንደገዛነው ጠየቀ። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ክዳን ከጎረቤት እንዋስ ጀመር። ጎረቤታችን ክዳኗን ልትወስድ መጥታ የእኛ ክዳን ቡፌ ላይ በክብር ቆሞ አየችው። ምንም አላለችም። የራሷን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስንልክባት «እየጋገርኩ ነው» ትላለች።

እንግዲህ እሑድ ቡና ተፈልቷል። አማቴ አሉ፣ እህቶቻቸው አሉ። ሲኒ ሊታጠብ ሲል ቧንቧው አጉረመረመና ደረቀ። አማቴ ሊነሱ ሲሉ «አይነሱ እማማ! ከዚሁ አበራዋለሁ» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ስልኬን ነካሁ። ክቧ ትዞራለች። እንደገና ነካሁ። ትዞራለች። ብድግ ብዬ ስልኩን ወደ መስኮቱ ዘረጋሁ። ስልኩን መዘርጋት ምንም እንደማይጠቅም አውቃለሁ፣ ስልኩ የሚያወራው እኮ እዚያው አጠገቤ ካለው ላፕቶፕ ጋር ነው። ሰው ሲያይህ ግን እጅህ ዝም አይልም።

አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሶኬቱ ላይ ቁልፍ አለች፣ በጣት ጫን ነው። ፓምፑ ሲያጓራ ሰማን። ተመለሱ፣ ተቀመጡ፣ ያቺን ተናገሩ።

ማታ ምክንያቱን አገኘሁት። ጠዋት መብራት ሄዶ ተመልሶ ነበር። እነዚህ አምፖሎች ደግሞ መብራት በተመለሰ ቁጥር ራሳቸው ይበራሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከተመለሰ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ የሠርግ ድንኳን ይመስላል። አምፖሉን የሠሩት ሰዎች መብራት የሚሄድበት አገር ያዩ አይመስለኝም። ማስተካከያ ያላቸው አሉ፣ የእኔዎቹ የላቸውም። ርካሽ ናቸው የተባልኩት ለዚህ ነው መሰለኝ። ብቻ አማቴ ሲገቡ የኮሪደሩ አምፖል በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብሎ አዩት። ቆጣሪው አሳዘናቸው። ከግድግዳው ማጥፊያ ቀጭ!

አቀባዩ ሞተ። ፓምፑ ብቻውን ቀረ።

ይሄን ለአማት በምን አፍ ይነግሩታል? «እማማ፣ ሲግናሌን ያጠፉት እርስዎ ነዎት» ይባላል? ማጥፊያው ላይ «አይጥፋ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። በሚቀጥለው ሲመጡ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«የማይጠፋ መብራት ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው» ብለው አጠፉት።

ከዚያ ወደ ሳሎን ገቡና ክዳኑን አዩ። ቡፌውን አዩ። ልጃቸውን አዩ። እኔን አላዩኝም። ክዳኑን አንስተው ወደ ኩሽና ወሰዱት፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ምጣዱ ላይ ከደኑት።

አምፖሉን መልሼ አብርቼ ቁጥሩን ከፈትኩ። ክዳኑ ከተነሳ በኋላ ጨምሯል። ባለቤቴ ስክሪኑን ሰርቃ ሳታየው ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።