«መርፌ ተጋርቼ አላውቅም»

በስደት በምኖርበት አገር ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ወጣቶች ለደም ምርመራ ይመጣሉ። ቋንቋውን ገና ያልለመዱትን ከነርሷ ጋር የማነጋግረው እኔ ነኝ። ደጋግሜ የምሰማው ቃል አለ፦ «ጋሼ፣ እኔ መርፌ ተጋርቼ አላውቅም።»

አይዋሹም። አንዱን ልጅ ግን ነርሷ እንዲህ ስትል ጠየቀችው፦ «የበጠበጣችሁበት ማንኪያስ የማን ነበር? ውሃውስ? ያጣራችሁበት ጥጥስ?» ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «እሱም ይቆጠራል እንዴ?» አለ።

አዎ፣ ይቆጠራል። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ሲ የተባለው ቫይረስ በዓይን በማይታይ የደም ጠብታ ይተላለፋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ በተደረገ ጥናት ሲሪንጅ ውስጥ እስከ 63 ቀን ሳይሞት ተገኝቷል። ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢም በመርፌ ይተላለፋሉ። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፣ ለሲ ግን እስካሁን የለም።

አዲስ ጀማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱን መውጋት አይችልም። የሚወጋው ጓደኛው ነው፤ ሴቶቹን ብዙውን ጊዜ ፍቅረኛቸው። ተራውም የሚደርሰው ከሌላው በኋላ ነው። ብዙዎቹ በጀመሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው። አገር ለቆ ብቻውን የመጣ ልጅ፣ እንደ ወንድም የያዘውን ሰው «ቆይ፣ ውሃው የማን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ይከብደዋል። ይህን ስሰማ አንጀቴ ይላወሳል።

ምልክት መጠበቅም አያዋጣም። «ዓይኔ ቢጫ አልሆነ» ይላሉ፣ የወፍ በሽታን እያሰቡ። ሄፓታይተስ ሲ ግን 20 እና 30 ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ጉበት ሊያበላሽ ይችላል።

ከወገኖቼ መካከል «ንጹህ መርፌ ማደል ሱስን ማበረታታት ነው» የሚሉ አሉ። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ስኮት ካውንቲ የሆነውን ቢያዩ እላለሁ። ያገለገለ መርፌ በንጹህ የሚቀየርበት አገልግሎት በሕግ አልተፈቀደም ነበር። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ፣ 4 ሺህ ያህል ሕዝብ ባላት ከተማ ዙሪያ ከ200 በላይ ሰው በኤችአይቪ ተያዘ። አብዛኞቹ ሄፓታይተስ ሲም ነበረባቸው። ፈቃዱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ2015 ነው።

የልጁ የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ውጤት ፖዘቲቭ ሆነ፤ ሁለተኛው ምርመራም ቫይረሱ ደሙ ውስጥ እንዳለ አረጋገጠ። (ይህን የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው።) መጀመሪያ የጠየቀው «ለእናቴ ይነገራል?» ብሎ ነው። ነርሷ «ያለ ፈቃድህ ለማንም አይነገርም» አለችው። ቀጥላ ስለ ክኒኑ ነገረችው፦ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወሰዳል፣ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። ፊቱ ሲፈታ አየሁት። «ግን ከዳንክ በኋላም እንደገና ሊይዝህ ይችላል» ስትለው ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው የሚወጋኝንም ልጅ ላምጣው፤ እሱም ይመርመር» አላት። ለሁለቱም በአንድ ቀን ቀጠሮ ያዘችላቸው።