ስሙ እኮ ተጽፏል

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለ ወርክሾፕ ለእንቁላል መፈልፈያ የተሠራው ቦርድ መብራት ሲሰጠው ስክሪኑ በራ፤ ሙቀት በሚያሳየው ቦታ ላይ ግን ሰረዝ ብቻ። 37.5 ዲግሪ ላይ መቆም ላለበት ማሽን ይህ ቀልድ አይደለም።

ሴንሰሩ ተቀየረ፤ ያው ነው። መስመሩን ወደ ላይኛው ቮልቴጅ የሚይዙት ፑል አፕ ሬዚስተሮች ተለኩ፤ 4.7 ኪሎ ኦም፣ ደህና ናቸው። መጨረሻ ላይ መልቲሜትሩ ቢፕ ላይ ተደርጎ ከሴንሰሩ ኤስዲኤ እግር (መረጃ ከሚወጣበት) እስከ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ የቦርዱ አንጎል፣ ሲለካ ጭጭ። መስመሩ ተቆርጦ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ቦርዱ ላይ አልተሠራም።

አለቃ የታተመውን የሰርኪዩት ሥዕል ዘረጉ። «ስሙ እኮ ተጽፏል! ይኸው ኤስዲኤ፣ እዚያም ኤስዲኤ።»

«ወረቀቱ ላይማ አዎ፣ ጋሼ» አለ ሥዕሉን የሠራው ልጅ።

ሥዕሉ በተሠራበት ኪካድ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ሌብል፣ ማለትም የመስመር ስም፣ የሚያገናኘው በፊደሉ ሳይሆን መነሻው ላይ ባለችው ነጥብ ነው። ነጥቧ ሽቦ ካልነካች ትንሽ ካሬ ሆና ትታያለች፤ ስትነካ ካሬዋ ትጠፋለች። ካሬዋ ታዲያ ስክሪን ላይ እንጂ ህትመት ላይ አትወጣም። አለቃ ደግሞ የሚያርሙት በቀይ እስክሪብቶ፣ ወረቀት ላይ ነው። ባለፈው ዙር «ፊደሉ መስመሩን ታኮታል፣ ከፍ አድርገው» ብለው የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ልጁ ግሪዱን፣ ማለትም ነገሮች የሚቀመጡበትን የነጥቦች መረብ፣ ከ50 ሚል (ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው) ወደ 10 አወረደና በኤም ቁልፍ ከፍ አደረገው። ኤም ሌብሉን ከሽቦው ነጥሎ ነው የሚያነሳው፤ ግንኙነቱን ይዞ የሚጎትተው ጂ ነው። ፊደሉ ካስቸገረም ሽቦውን አስረዝሞ ሌብሉን ጫፉ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። የታተመው ሥዕል ግን እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም።

ኪካድ የሚያደርገው የሥዕሉ ፍተሻ «ሌብሉ ከምንም አልተገናኘም» ብሎ ነበር። ማን ያነበዋል? ኃይል ከዚህ ይገባል የሚለው ምልክት፣ ፓወር ፍላግ፣ ስለማይደረግ በየፕሮጀክቱ የሚደጋገመው የኃይል እግር ስህተት ዝርዝሩን ሞልቶታል፤ ሁሉም ዘግቶት ያልፋል። የቦርዱ ፍተሻ ደግሞ ንጹሕ ነው አለ። እውነቱን ነው፤ ከሥዕሉ ያልደረሰውን መስመር ጎደለ ሊል አይችልም።

በየቦርዱ ከሴንሰሩ እግር እስከ ፑል አፑ ቀጭን ኢናሜል ሽቦ ተበየደ፤ እንዳይነቀልም በሙጫ ተያዘ። ከሞጆ የመጣው ደንበኛ «ይቺ ሽቦ ምንድን ናት?» ሲል አለቃ ዓይናቸውን ሳያሹ «ማጠናከሪያ ናት» አሉት።

አሁን አዲስ ደንብ ወጥቷል። ግሪድ ከ50 አይነካም፤ ፍተሻው ስህተትም ማስጠንቀቂያም ዜሮ ሳይል ቦርድ አይታዘዝም። የፍተሻው ውጤትም ታትሞ ይቅረብልኝ ብለዋል፣ በወረቀት።