ዝቋላንና ባቡሩን በአንድ ፎቶ

ባቡር ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሰው ሐዲዱ ሥር መቆም ያምረዋል። እኔ ግን እንዶዴ አካባቢ፣ ከሐዲዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ ጤፍ ማሳ ዳር ቆሜያለሁ። ከቃሊቲ ገላን በታክሲ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር። ትራይፖዱ ላይ ያለው ከጓደኛዬ የተዋስኩት 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፤ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ።

ጥቅምትን የመረጥኩት ለአየሩ ነው። በበጋ ቀትር ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ይርገበገባል። ረጅም ሌንስ ደግሞ ያንን አጉልቶ ያሳያል፤ የፈለገ ውድ ካሜራ ቢሆን አያድንም። ክረምቱ እንደወጣ ግን አቧራ የለም፣ ዝቋላም ጥርት ብሎ ይታያል። የጥቅምት አቦ ሰሞን ስለነበር የባጃጁ ልጅ ወሬም ስለ ዝቋላ ተሳላሚዎች ነበር።

ትራይፖዱን ሳስተካክል የማሳው ባለቤት መጡ።

«ምንድነው የምትለካው?»

ቀያሽ መስያቸዋለሁ። በዚህ ሰፈር የመሬት ነገር ቀልድ አይደለም።

«ኧረ አባባ፣ ባቡር ነው የማነሳው» ብዬ ካሜራውን ለቀቅኩላቸው። በዚሁ መሀል የጭነት ባቡር ከደብረ ዘይት በኩል ብቅ አለ። ዓይናቸውን አስጠግተው ትንሽ ቆዩ።

«ቆሟል እንዴ?»

አልቆመም። ከሩቅ ፊት ለፊት የሚመጣ ባቡር በረጅም ሌንስ ሲያዩት እየቀረበ አይመስልም። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹም ተደራርበው አጥር ይመስላሉ። ብዙ ሰው ይህን የሌንሱ ሥራ ያደርገዋል፤ ዋናው ግን ርቀቱ ነው፣ የሌንሱ ሥራ ቆርጦ ማጉላት ብቻ ነው። ፊት ለፊት ሲመጣ የሻተሩ ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/500 ሰከንድ ይበቃል። ጎኑን ሲሰጥ ግን 1/1000 አደረግኩት።

ከሰበታ እስከ አዳማ መስመሩ ድርብ ስለሆነ ሌላ ባቡር መጥቶ እንዳይጋርደኝ ፈርቼ ነበር። ደግነቱ አልመጣም። ባቡሩ በሙሉ አይገባም፤ ሎኮሞቲቩንና ከኋላው ያሉትን ጥቂት ኮንቴይነሮች ብቻ ያዝኩ። ዝቋላ ከፍታው 2,989 ሜትር ነው፣ ከዚህ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ፎቶው ላይ ግን ኮንቴይነሮቹን በእጥፍ በልጦ ከላያቸው ተቀምጧል። ሐዲዱ ሥር ብቆም ኖሮ አንዱ ኮንቴይነር ብቻ ተራራውን በሞላ ይጋርደው ነበር።

አባባ ስክሪኑን አገላብጠው አዩት።

«ተራራውስ ጥሩ ነው። ማሳዬ የታል?»

ሌንስ ቀየርኩና ጤፋቸውን ከነባለቤቱ አነሳሁ።